ታርጋው የማይናገረው የብረት ዕድሜ

በአገራችን ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚነሣ ሰው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ሞተሩ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም? ዘይት ይበላል? ታርጋው የስንት ነው? ከዱባይ የመጣ ነው ወይስ ከአውሮፓ? ከዚያም ኮፈኖውን አስከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ቀለሙን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ከደላላው ጋር በዋጋ ይከራከራል። ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ በማይታየው ክፍል ላይ ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ እንዲታወቅ ያህል፣ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሊተመን የሚገባው ከሞተሩ አስቀድሞ በብረቱ ነው፤ የብረቱ ዕድሜም የሚለካው በተሠራበት ዓመት ሳይሆን በኖረበት ሥፍራ ነው። ታርጋ የሚናገረው መኪናው እዚህ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ ከዚያ በፊት በምን ዓይነት መንገድ ላይ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ አይደለም።

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል ወደ ወሰንና ወደ ካራ የሚወስደውን መንገድ የሚያዘወትር ተማሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በሌላው ዓለም የሰብሳቢዎች ቅርስ የሆኑ መኪኖች እዚህ ሰውና ዕቃ ጭነው ዳገት ሲወጡ ይታያሉ፤ ቮልስ፣ ላዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው ኮሮላ ዲኤክስ። ብዙ ሰው ይህን ዕድሜ ለ“ድሮ ብረት” ጥንካሬ ይሰጠዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ላዳን እንውሰድ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ ከ1970 ጀምሮ በቶሊያቲ ከተማ ያመረተችው ይህ መኪና መሠረቱ ፊያት 124 ነው። የሶቪየት መሐንዲሶች ለአገራቸው አስቸጋሪ መንገድ እንዲስማማ ላሜራውን አወፍረውታል። ይሁን እንጂ ያው ወፍራም ላሜራ ጨው በሚነሰነስበት የሰሜን አውሮፓ መንገድ ላይ ከዝገት አላመለጠም። አዲስ አበባ ላይ ላዳን ያቆየው የአዲስ አበባ አየርና የጋራዥ ባለሙያዎቻችን ትዕግሥት ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዝገት ምን እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። ብረት የሚዝገው እንደ ሰው ስለሚያረጅ አይደለም። ዝገት ኤሌክትሮኬሚካዊ ክንውን ነው፤ እያንዳንዱ የዛገ ነጥብ ትንሽ ባትሪ ነው ማለት ይቻላል። በአንደኛው ቦታ፣ አኖድ በምንለው፣ የብረት አቶም ሁለት ኤሌክትሮኖች ትቶ አዮን ሆኖ ወደ ውኃው ይገባል። ኤሌክትሮኖቹ በብረቱ ውስጥ ተጉዘው ካቶድ ወደምንለው ሥፍራ ሲደርሱ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ይቀበላቸውና ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። የሁለቱ ወገን ውጤቶች ተገናኝተው፣ ተጨማሪ ኦክስጅንም ወስደው፣ ያን የምናውቀውን ቀይ ቡናማ ዱቄት ይሠራሉ። ዱቄቱ ከተበላው ብረት ይልቅ እጅግ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። በቀለም ላይ ትንሽ እብጠት ስናይ ከሥሩ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ አስቆጥሯል ማለት ነው።

በዚህ ክንውን ውስጥ ሰውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ዝገት ኦክስጅን ስለሚፈልግ ይበልጥ የሚጎዳው ለአየር የተጋለጠው ክፍል ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኡሊክ ኢቫንስ የተባለው ሊቅ የጨው ውኃ ጠብታ በጸዳ ብረት ላይ አኑሮ ያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከአየር ጋር በቅርብ የሚገናኘው የጠብታው ጠርዝ ካቶድ ይሆናል፤ ብረቱ የሚሟሟው ኦክስጅን በሚያንስበት በመካከሉ ነው። በመኪና ላይ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ዝናብ የሚያጥበውና ነፋስ የሚያደርቀው የኮፈኖ ፊት ሳይሆን፣ በፓራፋንጎ ውስጥ የተጋገረ ጭቃ ሥር፣ በሁለት ላሜራዎች መጋጠሚያ ውስጥ፣ ከበሩ ሥር በቁመት በሚሄደው ባዶ የብረት ሣጥን ውስጥ ያለው ክፍል ነው ቀድሞ የሚበላው። ዓይን የማይደርስበት ቦታ ሁሉ የዝገት ቤት ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ርጥበት ነው። ንጹሕ ብረት የአየሩ አንጻራዊ ርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ በታች እስከሆነ ድረስ የሚዝገው እጅግ በዝግታ ነው። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ነው፤ ከየካና ከእንጦጦ ኮረብቶች የሚወርደው የሌሊት ብርድ ጠል ቢያመጣም የረፋዱ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል። በከተማችን ከፍታ ላይ ያለው የኦክስጅን መጠን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሚያንስ መሆኑን የሚያነሡ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ዝገትን የሚወስነው ብረቱ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት የሰዓት ብዛት ስለሆነ የኦክስጅኑ ማነስ ይህን ያህል አያድንም። ዋናው በረከታችን መንገዳችን ላይ ጨው አለመነስነሱ ነው።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ጨው የሚነሰነሰው የውኃን የመርጊያ ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ ነው። በአብዛኛው የገበታ ጨው ዘመድ የሆነው ሶዲየም ክሎራይድ፣ አንዳንድ ጊዜም ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው። ጨዉ ከቀለጠው በረዶ ጋር ተረጭቶ ወደ ሣጥኖቹና ወደ መጋጠሚያዎቹ ይገባል፤ ገብቶም ይቀመጣል። የውኃውን አስተላላፊነት ጨምሮ ባትሪውን ከማጠንከሩም በላይ ጨው ከአየር ውኃ ይስባል። ሶዲየም ክሎራይድ የአየሩ ርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ ደግሞ ገና 33 በመቶ ላይ ሲሆን ከአየሩ በሳበው ውኃ ራሱ ይሟሟል። እንግዲህ ንጹሕ ብረት ደርቆ በሚውልበት የአዲስ አበባ አየር ውስጥ ጨው ያደረበት ብረት እርጥብ ሆኖ ይውላል። መኪናው ጅቡቲ ወርዶ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ታርጋ ለጥፎ ወሰን ቢደርስም የቤልጂግ ወይም የጀርመን ክረምት አብሮት መጥቷል።

በገበያችን “ከአውሮፓ የመጣ” የሚለው ቃል እንደ ምስክር ወረቀት የሚቆጠር በመሆኑ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። ለዚያ ቃል ሲባል ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላል። የአውሮፓው መኪና በዕቃ ጥራት ሊሻል ይችላል፤ ከሥሩ ግን ብዙውን ጊዜ መመርመር ያለበት እሱ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣውን ፀሐይ ቀለሙንና ጎማውን ይጎዳዋል፤ በጠረፍ ከተማ የኖረ ከሆነም የባሕሩ ጨዋማ አየር ነክቶታል። ሆኖም ከመንገድ ጨው ጋር የሚወዳደር ጠላት አልገጠመውም።

አሁን ወደ ስቱኮ እንምጣ። ስቱኮ የፖሊስተር ሙጫና የታልክ ዱቄት ድብልቅ ነው፤ የተሠራውም በግጭት የጎደጎደ ላሜራን ለማስተካከል ነው። በሥፍራው ጥሩ ነገር ነው። በተበላ ብረት ላይ ሲለጠፍ ግን የአህያ ባል ይሆናል፤ ከጅብ አያስጥልም። ዝገቱን ፍቆ፣ የተበላውን ቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ በይዶ፣ ከውስጥም ከውጭም አንቲረስት መቀባት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። በቀዳዳው ላይ ስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም ረጭቶ ለገበያ ማውጣት ግን የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ያብረቀርቃል፤ ውስጡን ለቄስ።

በወሰን አካባቢ የሚኖር አንድ የማውቀው መምህር በዕቁብ ገንዘብና በብድር አነስተኛ መኪና ገዛ። ዋጋው በጊዜው ከነበረው ገበያ በግልጽ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሞተሩን ያየለት መካኒክም “ጤነኛ ነው” ብሎታል፤ እውነቱንም ነበር። በሁለተኛው ክረምት ጎማ ሲተነፍስበት ክሪኩን ከበሩ ሥር አስገብቶ ማዞር ጀመረ። ክሪኩ ወደ ላይ ወጣ፤ መኪናው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ክሪኩ ሣጥኑን በስቶ ገብቶ ነበር። ላሜራ ሠሪው ሲፍቀው ከጣት የወፈረ ስቱኮ፣ ከሥሩ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ሥር ደግሞ በእጅ የሚፈረፈር ቡናማ ቅርፊት አገኘ። ለጥገናው የተጠየቀው ገንዘብ በግዥው ጊዜ “ተረፈልኝ” ካለው በለጠ። መምህሩ እስከ ዛሬ የሚቆጨው ግን በገንዘቡ አይደለም፤ ሁለት ልጆቹን ከኋላ እያስቀመጠ በዚያ መኪና ደብረ ብርሃን ድረስ መመላለሱ ነው።

ቁጭቱ ተገቢ ነው። ዛሬ የሚነዱት ትናንሽ መኪኖች እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ወለሉ፣ ከበሩ ሥር ያሉት ሣጥኖች፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው በአንድነት ተበይደው አጥንት ይሆናሉ። የላሜራው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም፤ አንዳንዱም ከዚያ ያንሳል። የአንድ ሳሕን ላሜራ መታጠፍን የመቋቋም ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን የፊዚክስ ተማሪ ያውቃል። ዝገት 0.8 ሚሊሜትር ከሆነ ላሜራ ላይ አንድ አምስተኛውን ቢበላ 0.64 ሚሊሜትር ይቀራል። ከውፍረቱ 80 በመቶ ቀረ ብለን እንጽናና ይሆናል፤ ግትርነቱ ግን ወደ 51 በመቶ ወርዷል። ገና ቀዳዳ ሳይታይ ግማሹ ጥንካሬ ሄዷል ማለት ነው። በግጭት ጊዜ ይህን ጉድለት ስቱኮ አይሞላውም።

የሚገርመው፣ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ ስንገዛ እንዲህ አለመታለላችን ነው። ገዢ ሁሉ “ስንት ጌጅ ነው?” ይላል፤ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። (ለነገሩ ጌጅ የሚለካው የብረቱን ውፍረት ነው፤ የክዳኑን ዕድሜ ይበልጥ የሚወስነው በላዩ የተለበጠው ዚንክ መጠን ሆኖ ሳለ ስለ እሱ የሚጠይቅ አላየሁም።) ዚንክ ብረትን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ አይደለም። የዚንክ ስታንዳርድ ኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ከዜሮ በታች 0.76 ቮልት፣ የብረት ደግሞ ከዜሮ በታች 0.44 ቮልት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተነካክተው ሲረጥቡ ኤሌክትሮኑን አስቀድሞ የሚሰጠው ዚንኩ ነው፤ ራሱ እየሟሟ ብረቱን ያተርፋል። ቆርቆሮ ሚስማር በበሳው ቀዳዳ ዙሪያ ወዲያው የማይዝገው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከርን ዘዴ በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1837 ነበር።

የመኪና ፋብሪካዎች ይህን የቆርቆሮ ጥበብ ወደ መኪና ለማምጣት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የ911ን አካል ዚንክ ከተለበጠ ብረት መሥራት ጀመረ፤ አውዲ በ1986 በወጣው አውዲ 80 ተከተለ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ቢያንስ ለዝገት የሚጋለጡትን ክፍሎች ወደ መለበጥ ሄዱ። ከዚህ ጋር የተስፋፋው ሌላው ዘዴ መኪናውን እንዳለ በቀለም ገንዳ ውስጥ ነክሮ ቀለሙ በኤሌክትሪክ ኃይል እስከ ባዶ ሣጥኖቹ ውስጥ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ይህን ንብርብር የትኛውም ጋራዥ በመርጫ መልሶ ሊሠራው አይችልም። ብየዳም ቢሆን ዚንኩን ያጠፋዋል፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ ሲሆን ብረት የሚቀልጠው ግን ወደ 1,500 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። (የዚንኩ ጭስ በያጁን ትኩሳት ያስይዛል፤ በየጋራዡ የሚጠጣው ወተትም አያድነውም፤ የሚያድነው ጥሩ የአየር መዘዋወርና ትክክለኛ መከላከያ ጭምብል ነው።) በመሆኑም ፋብሪካው የሰጠው ቀለም ደብዝዞም፣ ተጭሮም ቢሆን ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

የፋብሪካ ስምም ዋስትና አይሆንም። “ቶዮታ ነው” ከተባለ በኛ አገር ክርክር ያበቃል። ሆኖም ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩ ታኮማ ፒክአፖች ሻንሲያቸው ከመጠን በላይ በመዛጉ የዋስትና ጊዜያቸውን አራዝሟል፤ የባሰባቸውንም መልሶ ገዝቷል። በ2016 ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት፣ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ የፍርድ ቤት ስምምነት ላይ ደርሷል። ያው የታኮማ ሻንሲ ጨው በማይነሰነስባቸው ደረቅ ግዛቶች ብዙ ዘመን አገልግሏል። የሥፍራን ነገር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በእርግጥ እኛም የራሳችን ዝገት አለን። ከየካ ኮረብታ ሥር ባሉት ጠመዝማዛ የሠፈር መንገዶች ከሰኔ እስከ መስከረም የሚረጨው ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥ ይጋገራል፤ ብዙ ሰው መኪናውን ሲያሳጥብ ውኃው የሚደርሰው በላይኛው ክፍል ላይ ነው። በቮልስ የኋላ መቀመጫ ሥር የተቀመጠው ባትሪ አሲዱን እያፈሰሰ ወለሉን እንደሚበላው አሮጌ መካኒኮች ያውቃሉ። ማርሚታ ደግሞ ከውስጥ ነው የሚዝገው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ በተን መልክ ይወጣል፤ ከወሰን መገናኛ ባለው አጭር ጉዞ፣ ያውም በብርዳማ ማለዳ፣ ማርሚታው ሳይግል ሞተሩ ስለሚጠፋ ተኑ ውስጡ ውኃ ሆኖ ይተኛል።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያሳስበው ለምንድን ነው? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 መኪኖችን የሚመድበው በሞተራቸው መጠን ነበር፤ እስከ 1,300 ሲሲ ያለው 30 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ ያለው 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ያለው አሮጌ መኪና አዋጭ ሆኖ በብዛት ገባ። በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 የመኪናውን ዕድሜ ከስሌቱ ውስጥ አስገብቶ አሮጌውን አስወደደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። እነዚህ እርምጃዎች የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ውጤታቸው ግን አስቀድመው የገቡት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ ማድረግ ነው። አምስተኛና ስድስተኛ ገዢ የሚሆነው ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ያለው ወጣት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛውም ከጥያቄው አያመልጥም፤ ከባዱ ባትሪ የተቀመጠው ወለሉ ውስጥ ነው፤ ከጎን ሲገጩት የሚከላከሉለትም እነዚያው ከበሩ ሥር ያሉት ሣጥኖች ናቸው።

በእኔ አስተያየት ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የአካሉን አጥንት በግልጽ መስፈርት ሊዳኘው ይገባል። በእንግሊዝ አገር ለምሳሌ ከመቀመጫ ቀበቶ፣ ከመሪና ከሱስፔንሽን ማሰሪያዎች በ30 ሴንቲሜትር ክልል ውስጥ ብረቱ ክፉኛ የተበላ መኪና ምርመራውን አያልፍም። ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ ትንሽ መዶሻ፣ የእጅ ባትሪና የሠለጠነ ጆሮ ይበቃል። ጤነኛ ላሜራ ሲመታ ይጮኻል፤ ስቱኮ ግን ድፍን ድምፅ ይሰጣል። በእነዚህ ቦታዎች የሚለጠፍ ስቱኮም እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይገባል እላለሁ። ባለሙያዎቹ “ደንበኛው ነው ርካሽ የሚለን” ብለው ይመልሱ ይሆናል፤ እውነት አላቸው፤ ደንቡ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እስከዚያው ገዢው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ደካማ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ከበሩ ሥርና በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ቢያስኬደው ስቱኮ ባለበት ማግኔቱ ይለቃል። (ፕላስቲክና አሉሚኒየም ላይም ስለማይዝ ያኛውን ጎን ከዚህኛው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።) ከኋላ ያለውን ምንጣፍ አንሥቶ የመለዋወጫ ጎማውን ጉድጓድ ማየት፣ የባትሪውን መቀመጫ መመልከት፣ ከሥር አዲስ ሬንጅ የተቀባ ከሆነ ለምን እንደተቀባ መጠየቅ ይገባል። ሻጩ መኪናውን ድልድይ ላይ ለማውጣት እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷል።

ለሳይንስ ክበቦች ደግሞ አንድ ሥራ ልጠቁም። የአየር ዝገት አምጪነት በዓለም አቀፍ መስፈርት የሚመደበው ብረት በአንድ ዓመት ውስጥ በሚያጣው ክብደት ነው። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆኑ፣ ቀለም የሌላቸው የላሜራ ቁራጮች አዘጋጁ፤ ቅባታቸውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ መዝኑ። አንዱን ወሰን በሚገኝ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ፣ አንዱን እንጦጦ ጫፍ ላይ፣ አንዱን በየሳምንቱ የጨው ውኃ እየረጫችሁበት፣ አንዱን ጭቃ ለጥፋችሁበት አንድ ዓመት አቆዩ። ከዚያ ዝገቱን በመምህር ቁጥጥር በላቦራቶሪ አሲድ አጥባችሁ እንደገና መዝኑ። የሁለቱ ገጽ ስፋት 0.03 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፣ የጎደለው ከ6 ግራም በታች ከሆነ አየሩ ከዝቅተኛው ምድብ አያልፍም። የጨዉንና የጭቃውን ቁራጭ ውጤት ግን በየራሱ ዓምድ መዝግቡት፤ በአንድ ላይ አማካይ እንዳታወጡለት።